ለቱሉ ዲምቱ «ከዛስ?» የሚል ሮቦት

ሶፊያን ታስታውሷታላችሁ? ያቺ ፊቷ ቁርጥ ሰው፣ የጭንቅላቷ ኋላ ግን ሽቦና ሞተር የሆነችው ሮቦት። በ2010 ዓ.ም. ሰኔ ላይ አዲስ አበባ ትመጣለች፣ አማርኛም ትናገራለች ተብሎ ወሬው ደርቶ ነበር። ሶፍትዌሯ ላይ የእኛዎቹ፣ አዲስ አበባ ያለው የሶፍትዌር ኩባንያ የአይኮግ ላብስ ልጆች እጃቸው ስላለበት ትንሽ ኩራትም ነበረን። ከዚያ ምን ሆነ? ዕቃዋ ያለበት ሻንጣ ፍራንክፈርት ኤርፖርት ላይ ጠፋ። የታሰበው ዝግጅትም ቀረ። በኋላ እንደምንም ተገጣጥማ ጠቅላይ ሚኒስትሩን እስከ ማግኘት ደርሳለች። እኔ ግን እስከ ዛሬ የማስታውሰው ሻንጣውን ነው። ሻንጣ ሲጠፋባት ነው እንደኛ ሰው የሆነችብኝ።

ሶፊያ ግን አንድ ነገር አስለምዳን ሄደች። ሮቦት ሲባል መድረክ ላይ ተቀምጦ የሚለፈልፍ፣ ካሜራ የከበበው ነገር ነው የሚመጣብን። እኔ ሰሞኑን የማስበው ሮቦት ብዙ አይናገርም። ቦታውም መድረክ አይደለም። ከተማው ሊያልቅ ሲል ያለች አንዲት የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ናት።

ውጭ አገር ያሉ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሮቦት ማስገባት ከጀመሩ ቆይተዋል። አንዳንዱ ጉልበት ሠራተኛ ነው። ሄልሲንኪ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ በተከፈተው ኦዲ ቤተ መጻሕፍት፣ ሰው የመለሰውን መጽሐፍ ጭነው ወደ ሦስተኛ ፎቅ የሚያደርሱ ባለ ጎማ ሮቦቶች አሉ። ሲንጋፖር ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱ ከተዘጋ በኋላ በመደርደሪያው መሃል እየዞረ ቦታውን የሳተ መጽሐፍ የሚጠቁም ማሽን ሞክራለች። እነዚህን ልለፋቸው። እኔን የያዘኝ «ማኅበራዊ ሮቦት» የሚሉት ነው። ከሰው ጋር ለመግባባት የተሠራው ማለት ነው። ዓይን አለው፣ ፊቱን ወደሚያናግረው ሰው ያዞራል፣ አንገቱን ይነቀንቃል፣ ሲጠሩት አቤት ይላል።

ከቀደሙት አንዱ አሜሪካ፣ ኮነቲከት ውስጥ ያለው የዌስትፖርት ቤተ መጻሕፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ናኦ የሚባሉ ሁለት ሮቦቶች ገዛ። ናኦ ፈረንሳይ የሚገኘው አልደባራን ኩባንያ የሠራው፣ ቁመቱ 58 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሚጢጢ ሰው መሳይ ነው። ቪንሰንትና ናንሲ የሚል ስም ወጣላቸው። የመጡትም ሰው ፕሮግራሚንግ እንዲማርባቸው ነበር። ኮዱን ትጽፋለህ፣ ናንሲ ትጨፍራለች። ይሄ ይገባኛል። ከዚያ የናኦ ታላቅ ወንድም ፔፐር መጣ። ቁመቱ 1.2 ሜትር፣ ደረቱ ላይ ታብሌት የተለጠፈበት። ቨርጂኒያ ውስጥ የሮአኖክ ካውንቲ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2018 አስገባው። እንግዳ ይቀበላል፣ ያጫውታል፣ ፎቶ ይነሳል።

ስለ ፔፐር ትንሽ ልማው። እንግዳ ተቀባይ ሮቦት አይጥመኝም። ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ለማወቅ 28 ኪሎ የሚመዝን ማሽን ምን ያደርግልኛል? ቀስት የተሳለበት ወረቀት ይበቃል። መጀመሪያ ቀን ሰው ይከበዋል፣ ሴልፊ ይነሳል፣ በወሩ ጥግ ይዞ ይቆማል። ገበያውም ብዙ አላዘነለትም። 27 ሺህ ያህል ከተመረተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2020 ማምረቱ ቆመ።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልምጣ።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የአዳማ ፈጣን መንገድ የሚጀምረው ከእኛ ዘንድ ስለሆነ አብዛኛው ሰው ሰፈራችንን የሚያውቀው አልፎት ሲሄድ ነው። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አራት ኪሎ ነው። ያምራል፣ ትልቅ ነው፣ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍት ነው። ግን ሦስተኛ ክፍል ያለች ልጅ ይዞ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ ሁለት ሦስቴ ቀያይሮ አራት ኪሎ መድረስ ማለት ምን እንደሆነ የዳር ከተማ ሰው ይነግራችኋል። ስንደርስ እሷ እንቅልፍ ላይ ናት። ስለዚህ የእኛ ቤተ መጻሕፍት ያቺው የሰፈራችን ናት።

አንድ አዳራሽ ናት። በሩ ላይ ቦርሳ ይፈተሻል፣ መታወቂያ ይያዛል። ከሚገባው ሰው አብዛኛው የማትሪክ ተፈታኝ ነው። ሺቱንና ሞጁሉን ከቤቱ ይዞ ይመጣል። መደርደሪያው ጋ ዝር አይልም። የሚፈልገው ወንበርና ጸጥታ ነው። አልፈርድበትም። ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ስድስት ሆኖ የሚኖር ልጅ ጸጥታ ከየት ያመጣል? የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛም ቀኑን ሙሉ የምትሠራው እሱኑ ጸጥታ መጠበቅ ነው። ግድግዳው ላይ በትልልቁ ተጽፏል። እሷ ደግሞ በጣቷ ትደግመዋለች።

ልጄ ግን ጮክ ብላ ካላነበበች አይገባትም። ጣቷን ከፊደሉ ሥር ታስሄዳለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሁለት መስመር ሳትሄድ ድምጿ ሳታውቀው ይወጣል። ከፊት ያለው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጎረምሳ ዞር ብሎ «እሽሽ» ይላታል። እሷም መጽሐፉን ትዘጋውና ሥዕሉን ማየት ትጀምራለች።

እና ማን ተሳሳተ? ማንም። ሁለቱም ልጆች ያንን አዳራሽ ይፈልጉታል። አንድ ላይ ግን አይሆንላቸውም።

እኛ አገር እኮ ንባብ ድሮ የጩኸት ሥራ ነበር። ቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ያውቀዋል። አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ አንዱ ንባብ ያወርዳል፣ አንዱ ዳዊት ይደግማል፣ ሁሉም በአንድ ዛፍ ሥር፣ ሁሉም ጮክ ብሎ። መድረሳውም እንደዚያው ነው። የኔታ ዓይናቸው ባያይ እንኳ ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል የማን ምላስ እንደተሰናከለ በጆሯቸው ይለያሉ። አርጩሜውን ማንም አይናፍቅም። ጆሮው ግን ነበረ። አሁን በአንድ ክፍል ውስጥ ያን ሁሉ ልጅ ይዞ የሚያስተምር መምህር እያንዳንዱን ልጅ በሳምንት ለስንት ደቂቃ ሊያዳምጥ ይችላል? እ.ኤ.አ. በ2010 በአገሪቱ በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶው ያህል አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ሁሉንም አድማጭ ማጣት ላይ አላላክክም። ግን አንዱ ነው።

አንድ ቅዳሜ ልጄ መጽሐፏን ይዛ ሹልክ ብላ ወጣች። ቀስ ብዬ ተከተልኳት። በሩ ላይ ጥበቃው አባባ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ፊደል የቆጠሩት በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ሲያነቡ ወረቀቱን ራቅ አድርገው ነው።

«ምንድነው እሱ ሚጣ?»

«ተረት ነው።»

«አንብቢልኛ።»

ጀመረች። ጅቡና አህያዋ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንድ ረጅም ቃል ላይ ተገተረች። አባባ አላገዟትም። መንገዱን እያዩ ዝም አሉ። እሷ ፊደሏን አንድ በአንድ ነካካችና ቃሉን አወጣችው። «ከዛስ?» አሏት። ቀጠለች። መሃል ላይ ሦስት ተማሪዎች መጡ። ተነስተው ቦርሳ ፈተሹ፣ መታወቂያ ተቀበሉ፣ ተመልሰው ተቀመጡ። «እ፣ ጅቡ ጋ ነበርን» አሉ። የት እንደደረሰች እሷ ራሷ ረስታው ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤተ መጻሕፍት እንሂድ ስላት የመጀመሪያ ጥያቄዋ «አባባ ናቸው ተረኛ?» ሆነ። የሌሊት ፈረቃ ሲገቡ ንባቡም አብሮ ይገባል።

ሮቦቱ ወደ ሐሳቤ የገባው እዚህ ጋ ነው። አሜሪካ ዊስኮንሰን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሚኒ የምትባል ትንሽ ሮቦት ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱን አሳትመዋል። ከ10 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች እቤታቸው ለሁለት ሳምንት ጮክ ብለው አነበቡላት። ሚኒ አታስተምርም፣ አታርምም። ታዳምጣለች፣ ዓይኗን ታንቀሳቅሳለች፣ አልፎ አልፎ ስለ ታሪኩ አንድ ነገር ትላለች። ከእሷ ጋር ማንበብ ይበልጥ እንዲያነቡ እንደገፋፋቸው ልጆቹ ተናግረዋል።

ጨዋታው ያለው አሠራሯ ላይ ነው። ሚኒ ልጁ የሚያነበውን ቃል በቃል ሰምታ አትረዳም። በመጽሐፉ ገጾች ላይ ኪውአር ኮድ የሚመስሉ ትንንሽ ምልክቶች ተለጥፈዋል። ልጁ እዚያ ሲደርስ ምልክቱን ያሳያታል። እሷም ለዚያች ቦታ ቀድሞ የተዘጋጀላትን አስተያየት ትሰጣለች። የሚያስፈራ ቦታ ከሆነ ፈራሁ ትላለች። አለቀ።

ይህ ለእኛ ትልቅ ዜና ነው። አማርኛ በደንብ የሚሰማ ማሽን መሥራት ቀላል አይደለም። የሕፃን ድምፅ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፤ ልጁ አጥብቆ ማንበቡ ልክ ይሁን ስህተት ማሽኑ በምን ያውቃል? የሚያርም ሮቦት ብንሠራ ልክ ያነበበውን ልጅ ሲያርም ይውላል። የሚያዳምጥ ሮቦት ግን ይህ ጣጣ የለበትም። አስተያየቱን የሰፈር ሰው በድምፁ ይቀዳል። የእኛ ሰፈር ልጆች ደረጃ ላይ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ነው የሚጫወቱት። በሁለቱም መቅዳት ነው። የአባባ «ከዛስ?» ከተቀዳ እኮ ግማሹ ሥራ ተጠናቀቀ ማለት ነው።

ፈረንጆቹ ከሮቦት በፊት ውሻ ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 ሶልት ሌክ ሲቲ ውስጥ ልጆች ለሠለጠኑ ውሾች እንዲያነቡ ማድረግ ጀመሩ፤ ዛሬ በብዙ ቤተ መጻሕፍት የተለመደ ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነው፣ ውሻ አይስቅብህም። ቱሉ ዲምቱ ላይ ይህን አስቡት። እኛ ጋ ውሻ ማለት ሌሊት መንገድ የሚዘጋብህ ነው። አንድ እናት ልጇን ለውሻ አንብብ ብላ ልትልክ? ሮቦቱ ይሻላል።

«ሰው ሞልቶ ለዕቃ ማንበብ ምን ይሉታል?» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔም ብዬዋለሁ። ግን የትኛው ሰው? እናትየው ቦሌ ውላ፣ ታክሲ ተሰልፋ፣ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ትገባለች። ወላጅ ደግሞ ጆሮው ቶሎ ይሞቃል። ሦስተኛዋ ስህተት ላይ መጽሐፉን መቀማት ያምረዋል። አያት ካለች ትታደላለህ። ያለችው ግን ብዙ ጊዜ ገጠር ነው።

ልጅ ለዕቃ መናገሩም አዲስ ነገር አይደለም። አባባ ተስፋዬ ለአርባ ዓመት ገደማ በቴሌቪዥን ተረት ሲያወሩልን፣ ሰላም ሲሉን አጸፋውን የማንመልስ ማን ነበር? እኔ ቤት ብድግ ተብሎ ነበር የሚመለሰው። አባባ ተስፋዬ እንደማይሰሙን ጠፍቶን አልነበረም። የሰሙን ያህል ተሰምቶን ነው። ልጅ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ይችልበታል፤ የሚጨነቀው አዋቂው ነው።

ልጅን ወደ መጽሐፍ የሚጠራ መላ መፈለግም በእኛ አገር ተለምዷል። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ2003 ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፍተው፣ በ2005 ደግሞ ሐዋሳ ላይ መጽሐፍ የጫነ ጋሪ በአህያ አስጎትተው አስዞሩ። ልጁ አህያዋን ሊያይ ይመጣል፣ መጽሐፍ ይዞ ይቀመጣል። አህያዋ ላይ ማንም ቴክኖሎጂ ነሽ አይደለሽም ብሎ አልተከራከረም።

አሁን ስለሚያሳስበኝ። አንዱ ዋጋው ነው። ዌስትፖርት ናኦን ሲገዛ የአንዱ ዋጋ ወደ 8 ሺህ ዶላር ነበር። በዚህ ገንዘብ ለእኛ ሰፈር ስንት የተረት መጽሐፍ እንደሚገዛ አስሉት። ከዋጋው የሚብሰው ግን የኩባንያ ዕድሜ ነው። ጂቦ የሚባል የቤት ሮቦት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ሰው ገና ሳይሠራ ገንዘቡን ከፍሎ ጠበቀው። በ2017 መጣ። በ2019 ሰርቨሩ ሊዘጋ ሲል ጂቦ ራሱ ለባለቤቶቹ የስንብት ቃል ተናገረ። አስቡት፣ ልጅህ የለመደው ነገር አንድ ቀን ጠዋት ደህና ሁኑ ይላል። የናኦና የፔፐር ሠሪ አልደባራንም በ2025 ከሰረ። ስለዚህ ሰርቨሩ ባሕር ማዶ የሆነ ሮቦት ለእኛ አይሆንም። ኢንተርኔት ቢቋረጥም መብራት ቢሄድም ማዳመጥ የሚችል መሆን አለበት። ለዚህ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኪሊንጦ ነው፣ ከእኛ ቅርብ። ትንሽ ኮምፒውተር፣ አንድ ካሜራ፣ አንድ ስፒከር፣ አንገት የሚያዞሩ ሁለት ሞተሮች፣ ባትሪ። የመመረቂያ ፕሮጀክት ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? አካሉን ሰፈራችን ያሉ ባለ ስፌት ማሽን እናቶች ይሰፉታል።

ካሜራ ካልኩ አይቀር፣ የልጅ ፊትና ድምፅ የትም መቀመጥ የለበትም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ካሜራው የገጹን ምልክት አይቶ ሊረሳ ይገባል። ቃል ሲያወጣ አሥር ጊዜ የተደናቀፈ ልጅ ያንን የሚያውቀው እሱና ያዳመጠው ብቻ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ሐሳቤን ለቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ አጫወትኳት። መጀመሪያ ያለችው፣ «ወንድሜ፣ ሥራዬን ሊወስድ ነው?»

«አይ፣ ለልጆች ነው። አያወራም ማለት ይቻላል።»

«ማትሪክ ተፈታኞቹን ከእንቅልፍ ይቀሰቅስልኛል?»

«አይቀሰቅስም።»

ሳቀች። ከዚያ ቁም ነገሩ ውስጥ ገባች። ሮቦቱ ኖረም አልኖረም ልጆቹ ጮክ የሚሉበት ክፍል እንደሚያስፈልግ እሷም ካሰበችበት ቆይታለች። አዳራሹ ውስጥ ከሆነ ተማሪዎቹ በአንድ ቀን ይፈነቅሉታል። ከኋላ አንዲት ክፍል አለች፣ የድሮ መማሪያ መጻሕፍትና የተሰበረ ወንበር የታጨቀባት። መስኮት አላት፣ በሩም ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው። ሁለት ምንጣፍ ቢነጠፍ አሥር ልጅ ትይዛለች። ሮቦቱ እስኪመጣ አባባ ቀን ተረኛ ሲሆኑ እዚያው በር ላይ ቢቀመጡስ አለች። በሩ ከመግቢያው ስለማይርቅ ቦርሳም እየፈተሹ ይሆናል። እሳቸው እንደሚስማሙ እርግጠኛ ናት።

«ታዲያ ነገ አናጸዳትም?» አልኳት።

«ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው» አለች። «ደብዳቤ ጻፍ፣ እኔ ማኅተም አስመታበታለሁ።»

ደብዳቤውን እየጻፍኩ ነው። ሮቦት የሚለውን ለጊዜው አላስገባሁበትም።